አንድ ንጹሕ ቤተሰብ ፍለጋ

አፈ ምስማር ሲሏት ምላሷ ስለሚወጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይወጋልም፣ አይካድም። ስሙ የወጣላት ግን በሥራዋ ነው። ሶፋ ስታለብስ ትንንሾቹን ምስማሮች እፍኝ ሙሉ ወደ አፏ ትጨምርና፣ አንድ በአንድ በምላሷ ወደ ከንፈሯ እየገፋች፣ በግራ እጇ እየተቀበለች፣ በቀኟ ትመታለች። አፏ ምስማር እንደጎረሰ ከደንበኛ ጋር ትስቃለች፣ ከጨርቅ ነጋዴ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ትላለች። አንዲት ምስማር ውጣ አታውቅም። ሌሎቹ ሶፋ ሠሪዎች መዶሻቸውን በኤሌክትሪክ መምቻ ሲቀይሩ እሷ «እሱ ይጮኻል እንጂ አይይዝም» ብላ እምቢ አለች።

ሱቁ የአባቷ ነበር። ከኋላ ያለው ግቢ የታላቅ ወንድሟ የጋሼ ነው፤ እንጨቱን የሚቆርጠው፣ የሚልገው፣ የሚገጥመው እሱ ነው። ከፊት ያለው ክፍል የእሷ ነው፤ ሞላው፣ ስፖንጁ፣ ጥቅል ጨርቁ፣ ራስ የሚያዞር የሙጫ ሽታው። አባታቸው ሲሞት ለሁለቱም ያወረሳቸው አንድ ሕግ ነው፤ አሮጌውን ጨርቅ ሳትገፍፉ አዲስ አታልብሱ። ሰነፍ ሶፋ ሠሪ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይደርበዋል። እሷ ግን እስከ እንጨቱ ትገፍፈዋለች። ሲገፈፍ ደግሞ የማይወጣ ነገር የለም፤ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ የደረቀ አይጥ፣ አንዴ እንዲያውም የአንድ የተከበሩ አዛውንት ሰው ሠራሽ የላይ ጥርስ ሙሉውን ወጥቷል። «አይዞዎት፣ ሶፋው አልዋጠውም፣ አላምጦ ነው ያስቀመጠልዎት» ብላ በሶፍት ጠቅልላ መለሰችላቸው።

በዕረፍት ቀን መዶሻዋን አስቀምጣ ጸሎት ቤት ልጆች ታስተምራለች። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ስለ አብርሃምና ስለ ሣራ ስታወራ ትናንት ማታ እነሱ ቤት እራት በልታ የመጣች ነው የምትመስለው። «ያዕቆብ? እሱማ የለየለት አጭበርባሪ ነበር! ያበላሸችው ግን እናቱ ናት። ርብቃ አንዱን ልጅ ካንዱ አስበልጣ፣ ዓይኑ የፈዘዘውን ባሏን በፍየል ቆዳ ሸወደችው። በፍየል ቆዳ! እስቲ አስቡት፣ ሰው ልጁን ዳስሶ ከፍየል መለየት ሲያቅተው!» ልጆቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። አንዱ «እትዬ፣ ታዲያ እግዚአብሔር ምን አለ?» ይላታል። የምትጠብቀው ጥያቄ ይኸው ነው። ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «ምን ይላል? ‹እኔ የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ ነኝ› ብሎ ስማቸውን ከስሙ ጋር አስጠራ። እናንተ ብትሆኑ ያዕቆብን የመሰለ ዘመድ አለኝ ብላችሁ ታወራላችሁ? እሱ ግን አላፈረባቸውም» ትላለች።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ሁሉም አልወደዱትም። አንዱ አባት እራት ላይ ልጁ፣ «አባዬ፣ ሎጥ ዋሻ ውስጥ ምን ቢያደርግ ነው እትዬ ‹ስታድጉ ትደርሱበታላችሁ› ያለችን?» ብሎት የጎረሰው ትን አለው። ሌላዋ እናት ልጇ አጎቱን በር ላይ ተቀብሎ «እንደ ኖኅ ሰክረህ ነው የመጣኸው?» ስላለባት ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። አጎትየው ሰክሮ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው ብትሉ፣ ከመከራ ነው።

ታናሻቸውን ማሙሽ ይሉታል። ጢም ካወጣም በኋላ ማሙሽ፣ መላጣ ከጀመረውም በኋላ ማሙሽ፤ የመጨረሻ ልጅ ዕጣው ይኸው ነው። የሱቁን መኪና እየነዳ ሶፋ ለደንበኛ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ፣ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ቡና ሻይ ሳይጋበዝ የማይመለስ ልጅ። አንድ ቀን የተጋበዘው ቡና አልነበረም። ጠጥቶ ነዳ፤ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ሰው እግሩን አጣ። ማሙሽ አልካደም። «ጠጥቼ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ራሱን ሰጠ፤ ተፈረደበትና ገባ።

ጋሼ የጸሎት ቤቱ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደርስ፣ ምክሩ የሚጠየቅ ሰው ነው። እና ይህ የተከበረ ሰው ፍርዱ በተሰማ ማግስት በር ላይ ቆሞ፣ «ማሙሽ የት ሄደ?» ላለው ጎረቤት «ውጭ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለ። ከአፉ አመለጠው። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። አንዱ ውሸት ሌላውን እየወለደ፣ ማሙሽ ውጭ አገር ታመመ፣ ዳነ፣ ዕድገት አገኘ። እሷ ስትቆጣ ጋሼ «ገበና ነው። ዝም አይነቅዝም» ይላታል። እሷም ዝም አለች። ሁለቱም በየተራ እየተደበቁ፣ ስንቅ በጨርቅ ናሙና ከረጢት ውስጥ ሸሽገው ይጠይቁት ነበር።

በዚያ ሰሞን መጸለይ አቃታት። ተንበርክካ «አባታችን» ስትል ቀሪው አይመጣላትም። እንዲህ የቆሸሸ ቤት ይዤ በየት በኩል ነው ፊቱ የምቆመው ብላ ታስባለች። በመጨረሻ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች፤ አንድ ደህና ቤተሰብ ፈልጋ፣ እሱን አይታ የራሷን ልታርም። ገና ጥቂት ገጽ ሳትገልጥ ወንድም ወንድሙን ሜዳ ላይ ገደለው። «ይሁን፣ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ነው» ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ስካር መጣ። ቀጥሎ ሚስቱን «እህቴ ናት» ያለ ባል መጣ፤ አንዴም አይደል፣ ሁለቴ! ቀጥሎ ጣውንቶች ተናቆሩ፣ ወንድማማቾች ተካካዱ፣ ልጆች ወንድማቸውን ሸጠው ቀሚሱን በደም ነክረው ለአባታቸው «ይህ የልጅህ እንደሆነ እይ» አሉት። እዚህ ስትደርስ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። «አሃ! ለካ እኛ አዲስ አይደለንም!» አለች፣ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን። እግዚአብሔር እነዚህን ሰዎች ካልጣለ እኛን በምን ይጥለናል ብላ አሰበች፤ እንደዚያ አስባ ስትንበረከክ «አባታችን» እስከ መጨረሻው ወጣላት። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ሰዎች መኩራት ጀመረች፣ ሰው በአያቱ እንደሚኮራ።

ግን ልብ በሉ። የአብርሃምን ቤት ገበና በየሳምንቱ ለልጅ አዋቂው የምትዘከዝከው ሴት፣ የራሷን ቤት ገበና ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለችም። «የራሷን ጥላ የሰው አንጠልጥላ» የሚባለው ለእሷ ነበር፣ የሚያውቅባት ጠፋ እንጂ።

የልጆች ቀን ሲቃረብ ጋሼ ከግቢው መጥቶ የፊተኛው ክፍል በር ላይ ቆመ። የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሠፍሯል። በዚያ ቀን ልጆቹ በጉባኤው ፊት እየቆሙ ስለ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ያቀርባሉ፤ የሚያዘጋጃቸው እሷ ናት።

«ወላጆች መጥተውብኛል» አለ።

«ምን ይሁን አሉ?»

«ልጆቹ ስካርና ሽሽት፣ ሸፍጥና ክህደት ነው የሚያጠኑት ብለው። በዚህ ከቀጠለች ሌላ አስተማሪ ይፈለግ እስከማለት ደርሰዋል። እኔ ወንድምሽ ስለሆንኩ ነው ያቆምኳቸው። ስለዚህ ለዘንድሮ አንድ ንጹሕ ቤተሰብ ፈልጊና እሱን ያቅርቡ። አንድ! ብዙ አልጠየቅኩሽም።»

ምስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «እሺ ጋሼ። አንተ ምረጥልኝ፣ እኔ አዘጋጃለሁ።»

«አዳም...» ብሎ ራሱ ተወው። «ኖኅ?»

«ከመርከብ ወርዶ ምን እንዳደረገ ረሳኸው? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ የእሱስ የወይን ነበር።»

«ሙሴ።»

«ሰው ገድሎ አሸዋ ውስጥ የቀበረው?»

«ካህኑ ዔሊ።»

«ልጆቹ የሰውን መሥዋዕት ከድስቱ እየጎለጎሉ ሲበሉ ዝም አለ።»

«ሳሙኤልስ? ሳሙኤል ምን አለው?»

«እሱ ምንም የለው። ልጆቹ ግን ጉቦ በሉ። ቤተሰብ ነው ያልከኝ፣ ልጆቹ የጎረቤት ናቸው ልትለኝ ነው?»

ጋሼ ጣውላ ላይ ተቀመጠ። «ዳዊት» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እሷም በዳዊት በኩል እንዳያልፍ በዓይኗ ለመነችው። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ በራ። «ሩት! ሩት ንጹሕ ናት!»

«ንጹሕ ናት፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ዘሯ ግን ሞዓብ ነው። ሞዓብ ደግሞ የማን ልጅ ነው? ያው የዋሻው ሰውዬ።»

«ኤዲያ! አንቺ ሰው አታተርፊም!» አለና፣ ጥርሱን ነክሶ ቢይዘውም ሳቅ አሸነፈው። ሁለቱም እንደ ልጅነታቸው እየተደጋገፉ ሳቁ። እሷ ዓይኗን እየጠረገች፣ «የጌታችን ወንድሞች እንኳ ‹ዕብድ ነው› ሲባል ሊይዙት መጥተው ነበር፣ ጋሼ። ከዚህ ወዲያ ንጹሕ ቤት ከየት ላምጣልህ?» አለችው።

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ፊቱ ጠቆረ። ቀስ ብሎ፣ «አንድ ነገር ግን መልሺልኝ» አለ። «ኖኅ ሰክሮ ዕራቁቱን ሲተኛ፣ አይቶ ያወራው ልጅ ዘሩ ተረገመበት። የተመረቁት ሴምና ያፌት ናቸው። ልብስ በትከሻቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑት። እኔም ማሙሽን የኋሊት ሄጄ ነው የሸፈንኩት። ይኼ ኃጢአት ነው?»

አፈ ምስማር መዶሻዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እውነቱን ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ማሙሽን ያሳደገው እሱ ነው፤ ጫማውን ያሰረለት፣ መኪና መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። የዋሸው ከፍቅር ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«ከልጆች ቀን በፊት ይወጣል» አለ ጋሼ ብድግ ብሎ። «ሁሉን አዘጋጅቻለሁ።» ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ትልቅ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ባለ ጎማ ሻንጣ እየገፋ መጣ። የአውሮፕላን ወረቀት ሳይቀር እጀታው ላይ ተንጠልጥሎበታል፤ ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ። «ከውጭ አገር የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም።» ስትከፍተው ውስጡ የሱቋ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ነው፤ ከሥር ደግሞ ክብደት እንዲኖረው ሁለት ጣውላ ተጋድሞበታል።

በማግስቱ ልብስ አጣቢዋ የሶፋ ልብሶቹን አጥባ አመጣች። ወጣት ሴት ናት፤ ልጇ ከአፈ ምስማር ተማሪዎች አንዷ ናት። የታጠቡትን ቆጥራ ከደረደረች በኋላ አልሄድ አለች። ጨርቅ ትነካለች፣ ትተዋለች።

«እትዬ፣ ላስቸግርዎት ነው። ልጄን ለልጆች ቀን ዮሴፍን ሰጥተዋት የለ?»

«ሰጥቻታለሁ። ምነው፣ አልያዘችውም?»

«ይዛዋለች። ግን የአባቷን ነገር ልትጨምርበት ነው። ባለቤቴ ታስሯል፤ ተጣልቶ ሰው ጎድቶ ነው። እዚህ ሠፈር ስንመጣ ለማንም አልተናገርንም። እሷ ግን ዮሴፍ መታሰሩን ከእርስዎ ከሰማች ጀምሮ ካልተናገርኩ ብላለች። እባክዎ፣ እንደ እናት ይንገሩኝ። እርስዎ ቢሆኑ ይናገሩ ነበር?»

አፈ ምስማር ምስማሮቿን ከአፏ አወጣች። ልትናገር የሚገባትን ታውቀዋለች። የእኔም ወንድም እዚያው ነው ያለው ማለት ብቻ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን የጋሼ ቃል ነበር። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ብትቆይ ይሻላታል።»

ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ አመስግና ሄደች። አፈ ምስማር በዚያ ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። «ወይ አንቺ!» አለች ራሷን። «በሙታን ገበና ስትጀግኚ ከርመሽ፣ በሕይወት ያለች ሴት ስትጠይቅሽ የጋሼን ቃል ደገምሽ!» እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ማሙሽ የሚወጣበት ቀን ጋሼና እሷ በሱቁ መኪና እስር ቤቱ በር ላይ ደረሱ። ጋሼ ሻንጣውን አውርዶ በሩ ፊት ለፊት አቆመው። ዘበኛው ሻንጣውን አየ፣ እነሱን አየ፣ «ልትገቡ ነው ወይስ ልታስወጡ?» አለ።

ማሙሽ ወጣ። ከስቷል፤ መላጣው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ቆዩና ዓይኑ ሻንጣው ላይ አረፈ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ አስረዳው።

«ከየት አገር ነው የመጣሁት?» አለ ማሙሽ።

ጋሼ ራሱን አከከ። «ለዳቦ ጋጋሪው ብርዱ አስቸገረው ብዬዋለሁ። ለግራ ጎረቤታችን ደግሞ... ሙቀቱ።»

«በላ! ጠዋት ጠዋት በረዶ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል በል» አለች አፈ ምስማር።

ማሙሽ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «እናንተ ያላችሁት ይሁን። እኔ ነኝ ያዋረድኳችሁ፣ እኔ ምን አፍ አለኝ» ብሎ የሻንጣውን እጀታ ያዘ። እንደዚያ ሲል ጩኺ ጩኺ አላት። ግን ገበናው የእሱ ነው፤ ገልጦ የማሳየት መብቱም የእሱ ነው። ያንን ታውቃለችና የመኪናውን በር ከፈተችለት።

መንገድ ላይ ግን ጋሼን፣ «የሴምና የያፌትን መልስ አገኘሁት» አለችው። «ልጆቹ ሸፈኑ። ደግ አደረጉ፣ ሰውየው በርዶት ነበርና። መጽሐፉ ግን ጻፈው። እግዚአብሔር ሸፍኖ ማስቀረት ቢፈልግ ማን ይነግረን ነበር? አባታቸውን ልብስ አለበሱት እንጂ ‹አባታችን ውጭ አገር ነው› አላሉም።» ጋሼ መንገዱን እያየ ነዳ።

ሠፈር ሲደርሱ ዳቦ ጋጋሪው ሮጦ መጥቶ ሻንጣውን ሊያግዝ ቢያነሳው ወገቡን ያዘው። «ምን ጉድ ነው! ውጭ አገር ድንጋይ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

የልጆች ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አግዳሚ ወንበር ጠፍቶ ሰው በግድግዳው ጥግ ቆሟል። ጋሼ ሰብሳቢ ስለሆነ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ማሙሽ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ ግራ ቀኙ ያሉ ሰዎች ስለ ውጭ አገር ይጠይቁታል፣ እሱ ላብ ላብ ይለዋል። አፈ ምስማር ከልጆቹ ጎን ቆማለች። ንጹሕ ቤተሰብ አላገኘችም፤ ስላላገኘችም ያለውን ይዛ ቀርባለች። ከዛሬ በኋላ አስተማሪነቱ ሊነጠቅ እንደሚችል ታውቃለች።

አንዱ ልጅ ወጥቶ፣ «እኔ ያዕቆብ ነኝ። አባቴን በፍየል ቆዳ አታለልኩት፣ በኋላ ደግሞ ልጆቼ በፍየል ደም አታለሉኝ። የእጄን አገኘሁ» አለ። ሳቅ ሆነ። ሌላዋ «እኔ ሣራ ነኝ፣ ስቄ አልሳቅኩም ብያለሁ» አለች። ያ ትን ያለው አባት እንኳ ሲስቅ ታየ። «እሰይ የኔ ልጆች!» አለች አፈ ምስማር በሆዷ።

የልብስ አጣቢዋ ልጅ ተራዋ ደረሰ። እጇን ወደ ታች አጥብቃ ዘርግታ፣ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» አለች። «ወንድሞቼ ሸጡኝ። እስር ቤት ገባሁ። እግዚአብሔር እስር ቤት ውስጥም ከእኔ ጋር ነበር።» ያጠናችው እዚህ ላይ ያልቃል። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «የእኔም አባት እስር ቤት ነው። ዮሴፍ አላጠፋም፣ አባቴ ግን አጥፍቷል። እግዚአብሔር ከእሱም ጋር አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው።»

ከመሃል አንድ ሰው «ኧረ ልጅቷን አውርዷት! ገበና እኮ ነው!» አለ። ሌላው አጉረመረመ። እናትየው ከኋላ ቆማ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ልጅቷ በዓይኗ እናቷን ትፈልግ ጀመር። አፈ ምስማር ወደ ልጅቷ ልትሄድ አንድ እግሯን አነሳች፤ ምን እንደምትላት ግን አታውቅም ነበር። ዝም በይ ብላ የመከረችው እሷ ናትና።

ያኔ ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ማሙሽ በመሃል መተላለፊያው እየመጣ ነው። ልጅቷ ፊት ሲደርስ ቁጢጥ አለ።

«አባትሽ ጠዋት ጠዋት ያንጎራጉራል አይደል? ድምፁ ወፍራም፣ ደስ የሚል?»

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «ያውቁታል?»

«አብረን ነበርን። በቀደም ነው የወጣሁት። ስለ አንድ ልጁ አውርቶ አይጠግብም፤ አንቺ ነሻ!» ከዚያ ቀና ብሎ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔም አጥፍቼ ነው የታሰርኩት። ጠጥቼ ነድቼ የሰው እግር አስቆርጫለሁ። ያንቺን ጥያቄ እኔም እዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ልጄ። አለ። እዚያም አለ» አላት።

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። ስንት ዓመት ብርድና ሙቀት ሲያወራ የኖረው እሱ ነው። አፈ ምስማር ወንድሟን አየችው፤ እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ አመልካች ጣቱ እንጨቱን ይፍቃል። አሁን «ይህ ሰው ምን ይላል?» ቢል፣ ወይም ዝም ብሎ ቀጣዩን ልጅ ቢጠራ፣ ማሙሽ ዳግም ቤት የለውም። «ጋሼ፣ የአባቴ ልጅ፣ አደራህን» አለች በሹክሹክታ።

ጋሼ ተነሳ። ጠረጴዛውን ዞሮ ወረደና ከሁለቱ ጎን ቆመ። አንድ እጁን ማሙሽ ትከሻ ላይ፣ አንዱን ልጅቷ ራስ ላይ አደረገ።

«ያጠፋው እሱ ነው፤ አምኗል፣ ተቀጥቷል። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ማንም አልቀጣኝም» አለ። «ሰብሳቢነቱን ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ውሰዱት። ይህን ግን አትወስዱብኝም። ይህ ወንድሜ ነው። ይህች ልጅ ብቻዋን እንድትቆም አንፈልግም፤ የእኛም ቤት እንደ እሷ ቤት ነው።»

ከዚያ ልብስ አጣቢዋ ሰው እየገፋች መጥታ ልጇን አቀፈች፤ ማሙሽን እንደምታውቀው ሰው እጁን ይዛ «ደህና ነው? ይበላል?» እያለች ትጠይቀው ጀመር። ትን ብሎት የነበረው አባት አፍንጫውን በኃይል ተናፈጠ። አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር «እኔም አንድ ልጅ አለኝ...» ብለው ጀምረው ዕንባ አቋረጣቸው።

አፈ ምስማር ዕንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም። ሁለቱን ወንድሞቿን ታያቸዋለች፤ አንዱ አጥፊ፣ አንዱ ዋሾ፣ ሁለቱም በሰው ሁሉ ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል። አባቷ ይህን ሳያይ መሞቱ ቆጫት። በኩራት ብዛት ደረቷ የሚፈነዳ መሰላት።

ዳቦ ጋጋሪው ከጎኗ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ «ይኼ ያ ውጭ አገር የነበረው ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» አላት።

አፈ ምስማር ወደ እሱ ዞረች። አልሾከሾከችም። አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣ «ውጭ አገር አልነበረም። እስር ቤት ነበር» አለች። «ትልቁም ወንድሜ ነው፣ ትንሹም ወንድሜ ነው። ሁለቱም የእኔ ናቸው።»